ጎተራ ሞልቶ ረኃብ፤ ስለ ታላቁ የኢኮኖሚ ድቀት የተደረገ ዲስኩር



በአገራችን ረኃብ የሚታወቀው ከሰማይና ከምድር ሲመጣ ነው። ዝናም ሲቀር፣ አንበጣና ተምች አዝመራውን ሲበላ፣ የደስታ በሽታ ከብቱን ሲፈጅ ጎተራው ይራቆታል፤ ጎተራው ሲራቆትም ሰው ይራባል። አባቶቻችን ክፉ ቀን ብለው የሰየሙት፣ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ከ1888 እስከ 1892 የወረደው መቅሠፍት እንዲህ ያለ ነበርና፣ እህል በታጣበት ዘመን ሰው ለምን ይራባል ብሎ የሚጠይቅ በመካከላችን አይገኝም። እኔ ዛሬ በፊታችሁ ቆሜ የምናገርለት መከራ ግን ከዚህ የተለየ ነው፤ ይኸውም ምድር ፍሬዋን ሳትነሣ፣ ፋብሪካው ሳይቃጠል፣ መርከቡ ሳይሰጥም፣ ሠራተኛው ጉልበቱና ጥበቡ ሳይጎድልበት፣ ጎተራው ሞልቶ ሳለ ሚሊዮኖች የተራቡበት፣ ከ1929 ጀምሮ ዐሥር ዓመት ያህል ዓለምን ያስጨነቀው ታላቁ የኢኮኖሚ ድቀት ነው። ከዚህ በኋላ የምጠራቸው ዘመናት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አስቀድሜ አሳስባለሁ።

ስለዚህ ድቀት የጻፉ ሊቃውንት ብዙዎች ናቸው፤ ስለ ምክንያቱም የሚሰጡት ቃል እርስ በርሱ የማይስማማበት ቦታ አለ። እኔ ግን ነገሩን ደጋግሜ ሳሰላስለው ከሁሉ በላይ ልቤን የሚነካው አንድ ነገር ነው፤ እርሱም እያንዳንዱ ሰው፣ እያንዳንዱ ባንክና እያንዳንዱ መንግሥት ራሱን ለማዳን ብሎ በጥንቃቄ ያደረገው ሥራ ከሌላው ሥራ ጋር ሲደመር የሁሉ ጥፋት ሆኖ መገኘቱ ነው። ክፉዎችና አጭበርባሪዎች በዚያ ዘመን አልነበሩም ማለቴ አይደለም። ዓለምን የጣላት ግን የእነርሱ ክፋት ብቻ ሳይሆን የጠንቃቆቹም ጥንቃቄ ነበር፤ ይህን ነው ዛሬ ላስረዳችሁ የምፈልገው።

ነገሩ የሚጀምረው ከአንደኛው የዓለም ጦርነት ነው። ጦርነቱ ሲያበቃ ጀርመን በ1921 በተቈረጠባት ፍርድ 132 ቢልዮን የወርቅ ማርክ ካሳ እንድትከፍል ተወሰነባት፤ ካሳውን የሚቀበሉት እንግሊዝና ፈረንሳይም ለጦርነቱ ከአሜሪካ የተበደሩት ከባድ ዕዳ ነበረባቸው። ጀርመን የምትከፍለው ስላልነበራት ከ1924 ወዲህ የአሜሪካ ባለ ገንዘቦች ለጀርመን ያበድሩ ጀመር፤ ጀርመን ከብድሩ ለእንግሊዝና ለፈረንሳይ ካሳ ትከፍላለች፤ እነርሱም ከካሳው ለአሜሪካ ዕዳቸውን ይመልሳሉ፤ ገንዘቡም ዞሮ ወደ መጣበት ይገባል። እንግሊዛዊው ሊቅ ጆን ሜይናርድ ኬይንስ ገና በ1919 ባሳተመው መጽሐፍ፣ በጀርመን ላይ የሚጫነው ሸክም አውሮፓን በሙሉ እንደሚያናጋ አስጠንቅቆ ነበር፤ ነገር ግን አሸናፊዎቹ መንግሥታት ያን ጊዜ የሚሰሙበት ጆሮ አልነበራቸውም። ይህ ሁሉ ዑደት የሚቆመው በአንድ እግር ነበር፤ እርሱም የአሜሪካ አበዳሪዎች ማበደራቸውን እስካላቋረጡ ድረስ ነው።

በ1928 አቋረጡ። ያቋረጡትም ስለ ጀርመን ክፉ ነገር ሰምተው ሳይሆን በገዛ ከተማቸው በኒው ዮርክ የተሻለ ትርፍ ስላዩ ነው። በዚያ ጊዜ የአክሲዮን ዋጋ ከቀን ወደ ቀን ይወጣ ነበርና ሰው ከራሱ ኪስ ከዋጋው ዐሥረኛውን ያህል ብቻ ከፍሎ፣ የቀረውን ከደላላው ተበድሮ፣ አክሲዮን መግዛት ልማድ አደረገ። ዋጋው ሲወጣ ትርፉ ዐሥር እጥፍ ይመስላል፤ ዋጋው ጥቂት ሲወርድ ግን የገዛ ገንዘቡ ሁሉ ይጠፋል፤ ደላላውም ጨምር ይለዋል፤ ካልጨመረ ወዲያው ይሸጥበታል። መስከረም 3 ቀን 1929 የኒው ዮርክ ገበያ የዋጋ መለኪያ 381 ደርሶ ነበር። ጥቅምት 24 ሐሙስ ዕለት ሽብሩ ተነሣ፤ በሚከተለው ሳምንት በጥቅምት 29 ማክሰኞ 16 ሚሊዮን ከ400 ሺህ ያህል አክሲዮን በአንድ ቀን ተሸጠ። መለኪያው እየወረደ ሄዶ በሐምሌ 1932 41 ላይ ሲቆም ከዐሥሩ እጅ ዘጠኙ ያህል ጠፍቷል ማለት ነው፤ ያንኑ የ1929 ከፍታ ዳግመኛ ያየውም በ1954 ነው።

ብዙ ሰዎች ድቀቱን ከዚህ የአክሲዮን ገበያ ውድቀት ጋር አንድ አድርገው ያወራሉ። እኔ ግን ይህ የመከራው ደጃፍ እንጂ ቤቱ አይመስለኝም። አብዛኛው አሜሪካዊ አክሲዮን አልነበረውም፤ ገበሬውም፣ የሽመና ፋብሪካ ሠራተኛውም፣ ልብስ ሰፊዋም ያላቸውን ጥቂት ጥሪት ያኖሩት በባንክ ነበር። ስለዚህ መከራው ወደ ድኻው ቤት የገባው ባንኮቹ ሲወድቁ ነው፤ ባንክ እንዴት እንደሚወድቅም አንዱን በቅርብ ልንመለከት ይገባናል።

በኒው ዮርክ ባንክ ኦፍ ዩናይትድ ስቴትስ የሚባል ባንክ ነበረ። ስሙ የመንግሥት ያስመስለዋል፤ እውነቱ ግን የግል ባንክ ነው፤ ደንበኞቹም ከ400 ሺህ የሚበልጡ፣ አብዛኞቹ ከአውሮፓ የፈለሱ አይሁድ፣ ልብስ ሰፊዎችና ትናንሽ ነጋዴዎች ነበሩ። ታኅሣሥ 10 ቀን 1930 በብሮንክስ ሰፈር ወዳለው ቅርንጫፍ አንድ ትንሽ ነጋዴ ገብቶ በእጁ ያለውን የባንኩን አክሲዮን እንዲሸጡለት ጠየቀ። ሠራተኞቹ አትሽጥ፣ ይጠቅምሃል ብለው መከሩት። ሰውየው ወጥቶ ባንኩ አልሸጥልህም አለኝ ብሎ ለጎረቤት ነገረ፤ ጎረቤቱ ለጎረቤቱ ነገረ፤ ከቀትር በኋላ በሩ ላይ የተሰበሰበው ሕዝብ ሺህ በሺህ ሆነ፤ ፈረሰኛ ፖሊስ ሰልፉን ለማስያዝ መጣ። በማግስቱ ባንኩ ተዘጋ፤ 200 ሚሊዮን ዶላር የሚያህል የሕዝብ ተቀማጭም አብሮ ተቈለፈ።

ገንዘቧን ልታወጣ በሰልፉ ላይ የቆመችን አንዲት ሴት ልንወቅሳት እንችላለን? ባንክ ማለት ከእኛ እቁብ ጋር የሚመሳሰል ነገር አለበት፤ ሁሉም ገንዘቡን ያዋጣው ሁሉም በአንድ ቀን እንዳይወስድ በመተማመን ነው። እቁብተኛው ሁሉ በአንድ ምሽት ዕጣዬን ስጡኝ ብሎ ቢነሣ የሰብሳቢው ደግነትም ሆነ ታማኝነት ማንንም አያድንም። ሴትዮዋ ቀድማ ካልወጣች ጥሪቷ ይጠፋል፤ ሁሉ ቀድሞ ሊያወጣ ከሮጠ ግን ደኅናውም ባንክ ይወድቃል። እያንዳንዱ ባንክ በበኩሉ ይህን ፈርቶ ማበደሩን ተወ፤ ያበደረውን ቶሎ መልሱ አለ፤ ያልመለሰውን መሬቱንና ቤቱን ሸጠበት። ከ1930 እስከ 1933 በአሜሪካ 9 ሺህ ያህል ባንኮች ተዘጉ። ልክ እንዲህ ያለውን ሽብር ለመከላከል በ1913 የተቋቋመው የፌዴራል ሪዘርቭ ባንክ በችግሩ ሰዓት ገንዘብ አፍስሶ ሊያድናቸው ሲችል ብዙዎቹን ሲወድቁ እያየ ዝም አለ፤ በአገሩ የሚዘዋወረው ገንዘብም በአራት ዓመት ውስጥ በሢሶ ያህል ቀነሰ። ከብዙ ዓመት በኋላ ሚልተን ፍሪድማንና አና ሽዋርትዝ በ1963 ባሳተሙት ታሪክ ዋናውን ጥፋት ከዚህ ላይ አድርገውታል፤ በዚህ ነገር ፍርዳቸው ትክክል ይመስለኛል።

ገንዘብ ሲያንስ ዋጋ ይወርዳል። ዋጋ መውረዱ ለሸማች መልካም ነው ብላችሁ ታስቡ ይሆናል፤ ባለ ዕዳ ለሆነ ግን ሞት ነው። ስንዴ በቡሼል አንድ ዶላር ገደማ በነበረበት በ1929 1,000 ዶላር የተበደረ የአሜሪካ ገበሬ ዕዳው በእህል ሲመነዘር 1,000 ቡሼል ነበር። በ1932 ዋጋው ወደ 38 ሳንቲም ሲወርድ ያው ዕዳ ከ2,600 ቡሼል በላይ ሆነበት። ገበሬው ምን ያድርግ? አብዝቶ ይዘራል፤ ጎረቤቱም አብዝቶ ይዘራል፤ ስንዴው ገበያውን ያጥለቀልቀዋል፤ ዋጋው ይብስ ይወርዳል። በ1933 ከአሜሪካ ሠራተኛ ከአራቱ አንዱ ሥራ አጥቶ ነበር፤ ቁጥሩም 13 ሚሊዮን ያህል ነው። እነዚህ ሰዎች ዳቦ በሚታደልበት ሰልፍ ቆመው ሲውሉ፣ በዚያው አገር ስንዴ የሚገዛው አጥቶ ይከመር፣ ጥጥ ለቀማውን ዋጋ ሳይመልስ እየቀረ ከማሳው ላይ ይተው ነበር።

ይህ መከራ በአሜሪካ ብቻ ተወስኖ ያልቀረው መንግሥታት ገንዘባቸውን ሁሉ በወርቅ ስላሰሩት ነው። የእያንዳንዱ አገር ወረቀት ገንዘብ በተወሰነ ልክ በወርቅ ሊመነዘር ቃል ተገብቶበት ነበርና፣ ወርቁ ከአገር የወጣበት መንግሥት ወለዱን ከፍ አድርጎ፣ ደመወዝን ቀንሶ፣ ሥራን አቀዝቅዞ ወርቁን መመለስ ግዴታው ነበር። በግንቦት 1931 የኦስትሪያ ትልቁ ባንክ፣ በ1855 በሮትሽልድ ቤተ ሰብ የተመሠረተው ክሬዲት አንሽታልት፣ ኪሳራው ተገለጠ። ሽብሩ ወደ ጀርመን ተሻግሮ በሐምሌ ትልቁን የዳናት ባንክ ዘጋ፤ ከዚያ ወደ ለንደን ዞረ፤ መስከረም 21 ቀን 1931 እንግሊዝ ፓውንድዋን ከወርቅ ፈታች። ወዲያው በሚቀጥለው ወር አሜሪካ ወርቋ እንዳይሸሽ ብላ ሥራ አጡ በሚበዛበት በዚያ ሰዓት ወለድን ከፍ አደረገች። ሐኪም የደከመውን በሽተኛ ደም ቢቀዳበት ከዚህ የበለጠ ጥፋት ባላደረሰ ነበር።

በቀረጥ ረገድ የተሠራው ስሕተት ከዚህ አያንስም። በሰኔ 1930 የአሜሪካ ፕሬዚዳንት ኸርበርት ሁቨር፣ ከ1,000 በላይ የኢኮኖሚ ሊቃውንት እንዳይፈርም በጽሑፍ እየለመኑት፣ ከውጭ በሚገባ ዕቃ ላይ ከባድ ቀረጥ የሚጥለውን የስሙትና የሃውሊን ሕግ ፈረመ። ሌሎቹ መንግሥታትም አጸፋውን መለሱ፤ እንግሊዝ በ1932 በኦታዋ ከቅኝ ግዛቶቿና ዶሚንዮን ከሚባሉት ራስ ገዝ አገሮቿ ጋር የራሷን የንግድ አጥር ሠራች። በጥር 1929 የዓለም ንግድ በወር 3 ቢልዮን የወርቅ ዶላር ያህል ነበር፤ በጥር 1933 ከ1 ቢልዮን በታች ሆነ። እያንዳንዱ አገር በሩን የዘጋው የገዛ ሠራተኛውን ለማዳን ነው፤ ነገር ግን የጎረቤቱ ሠራተኛ የእርሱን ዕቃ የሚገዛው በምን ገንዘብ እንደ ሆነ የጠየቀ ጥቂት ነው።

እኛ ቡናን የምናውቅ ሕዝብ ነንና የብራዚልን ነገር ጥቂት ላስረዝም። ብራዚል በዚያ ዘመን ከዓለም ቡና አብዛኛውን ታመርት ነበር፤ መንግሥቱም ዋጋው እንዳይወርድ እየተበደረ ትርፉን ቡና ይገዛና በመጋዘን ያከማች ነበር። ብድሩ ከኒው ዮርክና ከለንደን ሲቋረጥ መጋዘኑም ሞልቶ ሳለ፣ የቡና ዋጋ በሁለት ዓመት ውስጥ ከግማሽ በታች ወረደ። በ1930 ዤቱሊዮ ቫርጋስ በአመፅ ሥልጣን ያዘ፤ ከ1931 ጀምሮም ቡናው እንዲቃጠል ታዘዘ። ገበሬ ያረመውን፣ ለቃሚ አንድ በአንድ የለቀመውን፣ በፀሐይ አድርቀው በከረጢት የሞሉትን ፍሬ በሳንቶስ ወደብ አጠገብ እየከመሩ ነዳጅ አርከፍክፈው እሳት ለቀቁበት፤ ከፊሉን ወደ ባሕር ጣሉት፤ ከፊሉን በከሰል ፈንታ የባቡር ምድጃ ውስጥ ጨመሩት። እስከ 1944 ድረስ እያንዳንዱ 60 ኪሎ የሚመዝን 78 ሚሊዮን ያህል ከረጢት ጠፋ። ቡና ስትፈላ ዕጣኑን የሚያጤስና ጎረቤቱን የሚጠራ ሕዝብ ይህን ሲሰማ ሐዘኑ እጥፍ ነው። በአሜሪካም ቢሆን በ1933 መንግሥት ዋጋ ለማንሣት ብሎ በቅሎ የነበረውን ጥጥ በሞፈር አስገለበጠ፤ 6 ሚሊዮን ያህል የአሳማ ግልገልም አሳረደ። ቺሌ ደግሞ መዳብና ናይትሬት ብቻ ስትሸጥ የኖረች አገር በመሆኗ በዓለም ከሁሉ በላይ ከተጎዱት አገሮች መካከል ተቈጠረች። አንድ ፍሬ ወይም አንድ ማዕድን ብቻ ይዞ ወደ ዓለም ገበያ የሚወጣ አገር ጌታው የማያውቀው ሰው እንደ ሆነ የተረጋገጠው ያን ጊዜ ነው።

የጃፓን ገበሬም እንዲሁ ነበር። የሐር ትል እያረባ የሚኖረው ያ ገበሬ ሐሩን የሚሸጠው ለአሜሪካ ሴቶች የእግር ሹራብ ነበርና፣ የአሜሪካ ሴት መግዛት ስትተው በናጋኖ መንደር ያለው ቤት ባዶውን ቀረ። ወታደሮቹ በአብዛኛው የእነዚህ መንደሮች ልጆች ነበሩ፤ መኮንኖቹም የሕዝቡ ችግር በውጭ መሬት ይፈታል ብለው መስከረም 18 ቀን 1931 በቻይና ግዛት በማንቹሪያ ነገር ፈጥረው ያን አገር ያዙ። የጃፓን የገንዘብ ሚኒስትር ታካሃሺ ኮሬኪዮ ወርቅን ትቶ፣ የመንግሥትን ወጪ ጨምሮ፣ አገሩን ከድቀቱ ከብዙዎቹ ቀድሞ አውጥቶ ነበር፤ የጦሩን ወጪ ልቀንስ ባለ ጊዜ ግን በየካቲት 1936 መኮንኖች ገደሉት።

ጀርመን ውስጥ የመንግሥቱ መሪ ሃይንሪሽ ብሩኒንግ በ1923 የደረሰውን የገንዘብ መበላሸት በመፍራት ደመወዝን እየቀነሰ፣ ግብርን እየጨመረ ሄደ፤ በ1932 መጀመሪያ ሥራ አጦቹ 6 ሚሊዮን ደረሱ። የሂትለር ወገን በ1928 ምርጫ ያገኘው ወንበር 12 ብቻ ነበር፤ በመስከረም 1930 107፣ በሐምሌ 1932 230 ሆነ፤ ጥር 30 ቀን 1933 ሂትለር የመንግሥት መሪ ተባለ። ሥራ ያጣ ሁሉ የእርሱ ተከታይ ሆነ አልልም፤ ብዙዎቹ ኮሚኒስቶችን መርጠዋል። ነገር ግን አባት ልጆቹን የሚያበላው አጥቶ በየማዕዘኑ ሲቆም፣ ጠላትህ እገሌ ነው ብሎ በጣት የሚያሳይ ድምፅ ጆሮ ያገኛል።

የእኛ አገር ከዚህ ሁሉ አልራቀችም። ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዘውድ የጫኑት የኒው ዮርክ ገበያ ከወደቀ ከአንድ ዓመት በኋላ፣ በኅዳር 1930 ነው። በጅቡቲ ባቡር የሚወጣው ዋናው ንግዳችን ቡናና ቆዳ ነበር፤ የሁለቱም ዋጋ ወደቀ። መገበያያችን የማርያ ትሬዛ ጠገራ ብር ነበርና፣ በዓለም የብር ማዕድን ዋጋ በ1929 ከነበረበት ወደ ግማሽ ገደማ ሲወርድ ከውጭ የሚመጣ ዕቃ ሁሉ ተወደደብን። በ1931 መንግሥት በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን የተቋቋመውን የአቢሲኒያ ባንክ ገዝቶ የኢትዮጵያ ባንክን ሲያቆም፣ ያን ባደረገበት ዘመን ከገንዘብ ጭንቀት ነጻ አልነበረም። ከሁሉ የከፋው ግን ሌላ ነው። ማንቹሪያ ስትያዝ የመንግሥታት ማኅበር ከቃል ያለፈ አልሠራም፤ እያንዳንዱ መንግሥት በቤቱ ሥራ አጥ ተጨንቆ ስለ ሩቅ አገር ወጪ ሊያወጣ አልወደደምና። የኢጣሊያው ሙሶሊኒ ይህን ተመልክቷል። የአድዋ ቂም ከድቀቱ በፊት የነበረ ስለ ሆነ ድቀቱ ብቻውን ወረራውን ወለደ ማለት አልችልም፤ ነገር ግን በጥቅምት 1935 ጠላት መረብን ሲሻገር፣ የተጣለበት የንግድ ማዕቀብ ነዳጅ ዘይትን ሳይጨምር የቀረው፣ ድቀቱ መንግሥታቱን ያስተማራቸው ራስን ብቻ የማዳን ልማድ ጭምር ስላሰራቸው ነው ብዬ አምናለሁ። ያ ልማድ የወገኖቻችንን ደም አስከፍሏል።

ወደ መውጫው የሄዱት ወርቁን አስቀድመው የፈቱት አገሮች ናቸው። እንግሊዝና ስዊድን በ1931 ፈትተው ቀድመው ተነፈሱ፤ ፈረንሳይ እስከ 1936 ሙጥኝ ብላ የኋላ ኋላ ተጎዳች። በአሜሪካ ፍራንክሊን ሩዝቬልት መጋቢት 4 ቀን 1933 ሥልጣን ሲይዝ ባንኮች ሁሉ ለጥቂት ቀን እንዲዘጉ አዘዘ፤ ደኅናዎቹ ተመርምረው ተከፈቱ፤ በዚያው ዓመት መንግሥት ለትንሽ አስቀማጮች ዋስ የሚሆንበት ሕግ ወጣ፤ ከጥር 1934 ጀምሮ እስከ 2,500 ዶላር ያለው ተቀማጭ ባንኩ ቢወድቅም የማይጠፋ ሆነ። ለእኔ ከዚያ ዘመን ሕጎች ሁሉ ይህኛው ይበልጥብኛል፤ በብሮንክስ ሰልፍ ላይ የቆመችው ሴት የምትሮጥበትን ምክንያት አስቀርቶላታልና። ያም ሆኖ የሥራ አጡ ቁጥር ፈጽሞ የጠፋው ፋብሪካዎች መድፍና አውሮፕላን መሥራት በጀመሩ ጊዜ ነው፤ መንግሥታት ለሰላም ያላገኙትን ገንዘብ ለጦርነት ማግኘታቸው የሚያሳዝን ነው።

ኬይንስ ከ1919 ማስጠንቀቂያው በኋላ በ1936 ሌላ ታላቅ መጽሐፍ አውጥቶ፣ ሰው ሁሉ መግዛትን በተወ ጊዜ መንግሥት ወጪውን ሊያበዛ እንጂ ሊቀንስ እንደማይገባው ጻፈ። በሐምሌ 1944፣ ጦርነቱ ገና ሳያበቃ፣ በአሜሪካ በብሬተን ዉድስ ከተሰበሰቡት 44 መንግሥታት መካከል እርሱ ለእንግሊዝ ተናጋሪ ሆኖ ተቀመጠ። ለመወያየት የቀረበው ነገር አንድ አገር ወርቅና የውጭ ገንዘብ ሲያጥራት በቀረጥና በረኃብ ፈንታ ከጋራ ገንዘብ የምትበደርበት መንገድ ነበር፤ ከዚያም ዓለም አቀፍ የገንዘብ ድርጅትና የዓለም ባንክ ተወለዱ። በዚያ ጉባኤ ከአፍሪካ የተገኙት አራት መንግሥታት ብቻ ናቸው፤ ግብጽ፣ ላይቤሪያ፣ ደቡብ አፍሪካና ከጠላት እጅ ከወጣች ሦስት ዓመት የሆናት ኢትዮጵያ፤ የእኛን መልእክተኞች የመሩት ብላታ ኤፍሬም ተወልደ መድኅን ነበሩ። አሜሪካ በጋራው ገንዘብ ውስጥ 2,750 ሚሊዮን ዶላር ድርሻ ስትይዝ ለኢትዮጵያ የተመደበላት 6 ሚሊዮን ዶላር ነው።